ውኃ ወደ ኋላ ሲሄድ

በዋጃ ለከተማው ነዋሪ በትምህርት ቤት ግቢ የተደረገ ንግግር



ይህን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፋችሁ እዩልኝ። ክብደቱን መዝኑት፤ ነሐስ ነው። ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ፣ በጥፍራችሁ ዳብሱት። መዶሻ አልነካውም፣ መኪና አልሄደበትም። የሰነጠቀው በረዶ የሆነ ውኃ ነው፤ ያውም አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውኃ። ዕቃው የኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ በኮሎራዶዋ ዴንቨር ከተማ፣ እኔ ጥገና እሠራበት በነበረ የመኖሪያ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ነው። ሥራው ወደ ሣር ማጠጫው የሄደ ውኃ ተመልሶ ወደ መጠጥ ውኃው መስመር እንዳይገባ መጠበቅ ነበር። ዛሬ በአጭሩ «ከልካይ» እያልኩ እጠራዋለሁ። ከእናንተ መካከል የቧንቧ ሥራ የምትሠሩ «ቼክ ቫልቭ» ወይም «ኖን ሪተርን» የምትሉት የዚህ ታናሽ ወንድም ነው።

ዋጃ ላይ ቆሜ ስለ በረዶ የማወራው ለምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ይገባችኋል። መጀመሪያ ግን ስለ ብርድ አንድ ነገር ልበል፤ እኔን ራሴን ያሳሳተኝ ነገር ነውና።

እኛ ብርድን የምንለካው በከፍታ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እንላለን። ከዚህ ተነሥቶ በአላማጣ በኩል የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ ኮረም የደረሰ ሰው ጋቢውን ይደርባል። ባቄላ በውርጭ ተመታ ሲባል የምንሰማው ከላይ፣ ከደጋው ዘመዶቻችን ነው። ስለዚህ ዴንቨር በረዶ አለ ሲሉኝ ተራራ አናት ላይ ያለ ከተማ መስሎኝ ነበር። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። እዚሁ አጠገባችን ያለው ቆቦ ደግሞ 1,470 ገደማ። በእኛ አቆጣጠር ጎረቤት ናቸው ማለት ነው፤ በመካከላቸው አንድ ቁልቁለት እንኳ የለም። ነገር ግን እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ነን፣ ዴንቨር ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ፀሐይዋ በክረምታቸው ዝቅ ብላ ትሄዳለች፣ ቀኑ ያጥራል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርድ ሌሊትም አለ። በዋጃ ከፍታ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ ይኖራል ብዬ ማመን ከብዶኝ ነበር፤ ያለማመኔ ዋጋ ይኸው በእጃችሁ እየዞረ ያለው ነሐስ ነው።

እናቶች ቅቤ አንጥረው ሲያበቁ የቀዘቀዘውን አይታችኋል። ሲረጋ መሃሉ ጎድጎድ ይላል፤ ቅቤ ሲረጋ ይሰበሰባልና። ብዙው ነገር እንደዚያው ነው። ውኃ ግን ሲረጋ ይሰፋል፤ ከመቶ ዘጠኝ ያህል። ቧንቧ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ በአንድ በኩል የተዘጋ መዝጊያ አለ። በሌላ በኩል በረዶው እንደ ቡሽ ይወተፋል። በመካከል ገና ያልረጋ ጥቂት ውኃ ይታሰራል። በረዶው እየወፈረ ሲመጣ ያንን ውኃ ይጫነዋል። ውኃ እንደ አየር ተጨምቆ ቦታ አይለቅም፣ ስለዚህ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። ክፉው ነገር በዚያች ሌሊት ምንም አለመታየቱ ነው። ስንጥቁን ራሱ በረዶው ደፍኖ ይይዘዋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ፀደይ ሆኖ ውኃው ሲለቀቅ ነው።

የዴንቨር ሰው ይህን ያውቃል። በእኛ ጥቅምት ሣር ማጠጣት ያቆማል፣ ቤት ውስጥ ያለውን መዝጊያ ይዘጋል፣ በኮምፕረሰር አየር ነፍቶ በማጠጫው መስመር የቀረውን ውኃ ጠርጎ ያስወጣል። ከልካዩ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የመፈተሻ ብሎኖች በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከፍቶ ያንጠፈጥፋል። የከልካዩን መዝጊያዎች ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋቸውም፣ ሙሉ በሙሉም አይከፍታቸውም፤ እጀታቸውን በሰያፍ፣ ግማሽ ላይ ይተዋቸዋል። ውርጩ ሳይታሰብ በአንድ ሌሊት ሲመጣበት ደግሞ እኛ ሕፃን እንደምንጠቀልል በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በላዩ ላስቲክ ያስርበታል።

እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ዋናውን ዘጋሁና ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ብሎኖቹን አልከፈትኩም። የከልካዩን መዝጊያም አጥብቄ ዘጋሁት። እንዲህ ያለው መዝጊያ ውስጥ የተበሳ ኳስ አለ፤ ሲዘጋ በቀዳዳው ያለውን ውኃ ይዞ ይቀራል። ያች የታሰረች ውኃ ረጋች። በግንቦት መስመሩን ስከፍት ውኃው ከግድግዳው ላይ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ጎረቤቶች ወጡ፣ የምድር ቤቱ ወለል ራሰ። እኔን ያሳዘነኝ የፈሰሰው ውኃ አልነበረም። አለቃዬ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ምንም ሳይቆጣ «ይህ ዕቃ እዚህ ለምን እንደተሰቀለ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል ሳየው የኖርኩትን፣ የሰበርኩትን ዕቃ፣ ለምን እንዳለ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ የጥያቄውን መልስ ለእናንተ ላሳያችሁ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ በቀይ ሥር የቀላ ውኃ በሳህን አለ። ይህ ውስጡን የሚያሳይ ጎማ ንጹሕ ውኃ ሞልቶበታል። አንዱን ጫፍ ቀዩ ውስጥ እነክረዋለሁ። አንተ ልጅ፣ ና፤ ሌላውን ጫፍ በጣትህ ዝጋና ይዘህ ወደ መሬት ዝቅ በል። አሁን ጣትህን አንሣ። እዩት! ቀዩ ውኃ የሳህኑን ከንፈር ዘሎ ወጣ፣ ጎማውን ተከትሎ ወረደ። ማንም አልጠባውም፣ ፓምፕም የለም። የመኪና ሰዎች ነዳጅ ከበርሜል ስትቀዱ አንዴ በአፋችሁ ስባችሁ ትለቁታላችሁ፣ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። ያው ነው። የሚገፋው አየር ነው። በሳህኑ ላይ የተጫነው አየር በእኛ ከፍታ ውኃን ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ሽቅብ ሊገፋ ይችላል፤ ከሁለት ፎቅ ቤት በላይ ማለት ነው።

ውኃ በቧንቧ ውስጥ የሚሄደው ግፊት ከበዛበት ግፊት ወዳነሰበት ነው። ዳገት ቁልቁለት አይልም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ውኃ አውርዶ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሊያወጣ ሲነሣ ብዙ ሰው ተጠራጥሮ ነበር ይባላል፤ ውኃ ዳገት ሲወጣ አላዩምና። ውኃው ግን ወጣ። ከፍ ካለው ምንጭ የተነሣው ግፊት አወጣው። እኛ ዛሬ ቧንቧ ለምደናል፤ ስለዚህ በተቃራኒው እንሳሳታለን። ውኃ ሁልጊዜ ከጋኑ ወደ ቤታችን ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ቧንቧ ግን አቅጣጫ የለውም። በዋናው መስመር ግፊት ከወደቀ፣ በቤታችን ያለው ውኃ ወደ መስመሩ ይሄዳል፤ ከመስመሩ ደግሞ ወደ ጎረቤት።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር በምትባል ከተማ የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን (የእነርሱ ዓይነት ኳስ) በልምምድ ላይ ነበር። በአቅራቢያው እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙ ውኃ ስለሳቡ የመስመሩ ግፊት ወደቀ። ሜዳውን የሚያጠጡት ቧንቧዎች መሬት ውስጥ በተቀበሩ ሣጥኖች ውስጥ ነበሩ፤ በሣጥኖቹ ውስጥ ያቆረው ውኃ ደግሞ የጉበት በሽታ የያዛቸው የሰፈር ልጆች የሚጫወቱበት ነበር። ግፊቱ ሲወድቅ ያ ውኃ ወደ መስመሩ ተሳበ። ልምምዳቸውን የጨረሱት ተጫዋቾች ጠጡት። ከቡድኑ 97 ሰዎች ወደ 90 የሚጠጉት በዚያው የጉበት በሽታ፣ በሄፓታይተስ፣ ተያዙ፤ የዓመቱ ውድድር ከሁለት ጨዋታ በኋላ ተሰረዘ። አለቃዬ ይህን የነገረኝ የተሰነጠቀውን ነሐስ በእጁ ይዞ ነው።

ስልኩን ሁላችሁም የምታውቁት ኖኪያ የከተማ ስም ነው፤ በፊንላንድ ያለች ከተማ። በእኛ ኅዳር 2000 ዓ.ም. በዚያች ከተማ በፍሳሽ ማጣሪያው ውስጥ የመጠጥ ውኃ መስመርና የተጣራ የፍሳሽ ውኃ መስመር በአንድ መዝጊያ ተያይዘው ነበር። መዝጊያው ተከፈተ። ወደ 450 ሺህ ሊትር የሚሆን የፍሳሽ ውኃ ወደ ቤቶች ገባ፣ ብዙ ሺህ ሰው ታመመ። ይህ የሆነው በአንዲት መዝጊያ ነው፤ ያውም ሀብታም በሆነ፣ ሥርዓቱ በተደራጀ አገር።

ብርዱና የውኃው መመለስ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ደግሞ በእኛ የካቲት 2013 ዓ.ም. በቴክሳስ ታየ፤ ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርባቸው በዳላስና በሂውስተን ጭምር። ያልለመዱት ብርድ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ የየቤቱ ቧንቧ ፈነዳ። በሺህ ቦታ ሲፈስ ግፊቱ ወደቀ። ግፊቱ ከወደቀ ከመሬት ውስጥ ምን እንደገባበት ማረጋገጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ «ውኃ ሳታፈሉ አትጠጡ» ተባለ። በአንድ ሳምንት!

ይህን ስሰማ የታወሰኝ ዋጃ ናት። ቴክሳስ በዚያ ሳምንት ያየችው የግፊት መውደቅ እኛ ዘንድ የየሳምንቱ፣ አንዳንዴም የየቀኑ ነገር ነው። መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕ ይቆማል። መስመሩ ላይ ያለው ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፣ ከበላዩ ያለው ቧንቧ ባዶ ሆኖ ይስባል። ቧንቧ ስትከፍቱ «ፉ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ አንዳንዴ ጣታችሁን አፉ ላይ ብታደርጉት ይይዘዋል። ያ ድምፅ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። አየር የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ውኃም ይገባበታል። ቧንቧው በቦይ ሥር፣ በሽንት ቤት አጠገብ፣ በከብት መዋያ ካለፈና መገጣጠሚያው ከላላ፣ የሚሳበው ያ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራት ለወራት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣውን ውኃ ቀለም የምታስታውሱ አላችሁ።

በቤታችን የምናደርገውን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ውኃ በመጣ ሌሊት ጎማውን በርሜል ውስጥ እስከ ታች ነክረን እንተኛለን። በርሜሉ ልብስ የታጠበበት ይሆናል፣ ዶሮ የጠጣችበት ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ያ በርሜል አሁን እንዳያችሁት ቀይ ሳህን ነው። ሌሎቻችን ዳይናሞ ገዝተን በቀጥታ ከመስመሩ ላይ እንገጥማለን። ዳይናሞው ውኃ ይስባል፤ ውኃ ሲያልቅበት ግን መሳቡን አያቆምም፣ የጎረቤትን በርሜል፣ የላላ መገጣጠሚያን፣ የቦዩን ጭቃ ይስባል። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ ያላችሁ ሰዎችም፣ መግቢያው ከታች በኩል ከሆነና ከልካይ ከሌለው፣ መስመሩ ባዶ ሲሆን የሞላችሁት ውኃ ተመልሶ ይሄዳል። ሌሊት የሞላ ሮቶ ጠዋት ጎድሎ ስታገኙ ሌባ አትፈልጉ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የእርሻው ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጉድጓድ አስቆፍሮ በግፊት የሚሠራ መስኖ፣ ጠብታና ርጭት፣ ካስገባ ወዲህ በዚህ ሜዳ ውኃ የምናገኝበት መንገድ ተለውጧል። አባቶቻችን በሆርማት፣ በጎሊና፣ በጎቡ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሽላ ያጠጡ ነበር፤ ጎርፍ ተመልሶ ወደ ምንጩ አይሄድም። የጉድጓድ ውኃ ግን ይመለሳል። ፓምፑ ሲቆም በቱቦው ያለው ውኃ ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ሽንኩርትና ቲማቲም የምታመርቱ ወንድሞቼ ማዳበሪያ በውኃው ውስጥ የምትሰጡ ከሆነ፣ ወይም የኬሚካል በርሜላችሁን ከፓምፑ በሚመጣ ጎማ የምትሞሉ ከሆነ፣ ፓምፑ በድንገት ሲቆም ያ ኬሚካል ወዴት ይሄዳል? ወደ ጉድጓዱ። ይህ ሸለቆ ከምዕራቡ ተራራ በወረደ አሸዋና ጠጠር የተሞላ ነው፤ ከሥሩ ያለው ውኃ የአንድ ሰው አይደለም፣ ቀስ እያለ ይጓዛል። ከአንዱ ጉድጓድ የገባ መርዝ በሌላው ጉድጓድ ይወጣል፤ ምናልባት ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባት ቦኖ ላይ። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ አጥቦ ማጽዳት ጨርሶ የማይቻል ያህል ከባድ ነው። ለዚህ ነው ማዳበሪያ ከውኃ ጋር የሚሰጥበት መስመር ሁሉ በፓምፑና በማዳበሪያው መግቢያ መካከል ከልካይ፣ ከከልካዩ በፊት ደግሞ ፓምፑ ሲቆም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የሚያስፈልገው።

ከልካይ ምንድን ነው? ውስጡ ምላስ አለው። ውኃው በትክክለኛው አቅጣጫ ሲመጣ ምላሱን ገፍቶ ይከፍታል፣ ሊመለስ ሲል ምላሱ ይዘጋል። ከውጭ ቀስት ተስሎበታል፤ በተቃራኒው የተገጠመ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ቀስቱን እዩ። የዴንቨሩ ዓይነት ከዚህ በተጨማሪ መስመሩ ሲስብ አየር ከውጭ የሚያስገባ ክዳን አለው። አየር ማስገባት ስላለበት መሬት ውስጥ ሊቀበር አይችልም፤ ሌላው ቧንቧ ሁሉ ውርጭ ከማይደርስበት ጥልቀት ሲቀበር እርሱ ብቻ ደጅ ቆሞ ያድራል። ከሁሉ በፊት ብርዱ የሚያገኘው እርሱን የሆነውም ለዚህ ነው።

የእኛ ከልካይ በረዶ አያገኘውም። የሚጎዳው ሌላ ነው። የጉድጓድ ውኃችን ደንዳና ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምላሱ ላይም ይጋገራል፣ ምላሱም ሳይገጥም ይቀራል። አሸዋ ይገባበታል። የፀሐዩ ግለት ጎሚኒውን ያደርቀዋል፣ የፕላስቲክ ቧንቧውንም ያነቃዋል። እንደ በረዶው ድምፅ አያሰማም፣ ወደ ሰማይም ውኃ አይተኩስም። ከልካዩ የተሰቀለበት እንደተሰቀለ ሥራውን ያቆማል፣ እናንተም አለኝ ብላችሁ ትተኛላችሁ። ይህ ከመሰንጠቅ ይከፋል ብዬ አምናለሁ፤ የተሰነጠቀውን እኔ በግንቦት አየሁት፣ ያልገጠመውን ምላስ ግን ማንም አያየውም።

አሁን ገንዘብ የማይጠይቀውን ልንገራችሁ። ጎማውን አትንከሩ። ከበርሜሉ አፍ በላይ አራት ጣት ከፍ አድርጋችሁ በሽቦ ወይም በገመድ እሰሩት፤ ውኃው በአየር ላይ ወርዶ ይግባ። በጎማውና በውኃው መካከል ባዶ አየር ካለ ምንም ሊሳብ አይችልም። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ከልካይ የለም። በዴንቨር ካየኋቸው ውድ ዕቃዎች ሁሉ ይበልጣል፣ አይሰነጠቅም፣ ጎሚኒ የለውም። የኬሚካል በርሜልም እንደዚሁ፤ ለእርሱ የሚሆነው ጎማ ደግሞ ለብቻው ይሁን። ሮቶ ሲገጠም መግቢያው ከላይ፣ ከውኃው ወለል በላይ ይሁን። ዳይናሞ የግድ ካስፈለጋችሁ ከመስመሩ አትሳቡ፤ ውኃው መጀመሪያ መሬት ላይ ባለ ጋን ውስጥ በራሱ ይውረድ፣ ከዚያ ከጋኑ ሳቡ። ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ የመጀመሪያውን ለአትክልት አፍስሱት፤ ለመጠጥ የምትፈልጉትን አፍሉ ወይም ውኃ አጋር ጨምሩበት።

ከልካይ ያላችሁ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን ክፈቱት። የዴንቨር ሰው ውርጩ ቀን ይቆርጥለታል፤ ከዘገየ ዕቃው ይሰበርበታል። እኛን የሚያስታውሰን ብርድ ስለሌለ ቀኑን ራሳችን መቁረጥ አለብን። እኔ የማስበው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ በብዙ ከተሞቻችን በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ኅዳር ይታጠናል። ክረምቱ ካለፈ፣ ጎርፉ ያመጣው ደለል ከሰከነ በኋላ ነው፤ የመስኖው ሽንኩርትም ገና አልበረታም። ደጅ የሚጠርግ ሰው በዚያው ቀን ካቻቢቴና ቁልፍ ይያዝ። ዋናውን ዝጉ፣ ከልካዩን ፍቱ፣ ምላሱን በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ዘፍዝፋችሁ ቅርፊቱን አጥቡ፣ ጎሚኒው ከደረቀ ቀይሩ። የቧንቧ ሠራተኞች ደግሞ ይህን ሥራ በዚያ ሰሞን ለአቅመ ደካሞች ቤት በነፃ ብትሠሩ እኔ አብሬያችሁ እዞራለሁ።

መሥራቱንና አለመሥራቱን የምታውቁበት ቀላል ፈተና አለ። ሮቶው ሞልቶ ሳለ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ። ከከልካዩ በፊት ያለውን ዩኒየን አላሉ፣ ከሥሩ ሳህን አስቀምጡ። በቧንቧው የቀረው ጥቂት ውኃ ወርዶ ካቆመ ምላሱ ገጥሟል። ካላቆመ፣ ሮቶው ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ መስመሩ እየፈሰሰ ነው።

የዚህ ትምህርት ቤት ሮቶ ልጆቹ የሚጠጡበት ነው። መምህራኑ ስለፈቀዱልኝ ፈተናውን አሁን እዚያው እናደርገዋለን። ቀይ ሥሩን የያዝክልኝ ልጅ፣ ሳህኑን አጥበህ ይዘህልኝ ና። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ሽማግሌዎች ከጥላው በኩል ይቅደሙ።